ካያክ ልማር ነው፤ ምን ልልበስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች የሚወርደው ሰው ይበዛል፤ ከመሀል ከተማ የሚደርሱን ጥያቄዎችም አብረው ይበዛሉ። ብዙዎቹ ስለ ካያኩ፣ ማለትም በመቅዘፊያ ስለሚነዳው ጠባብ ጀልባ፣ ይጠይቃሉ። እኛ ግን ስለ ልብሱና ውሃ ላይ ስለሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬት ረዘም አድርገን መመለስ መርጠናል። ጀልባውን አስተማሪው ያመጣዋል፤ ልብሱን የሚመርጠው ግን ተማሪው ራሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን የሚያበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ልብስ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከጓደኞቼ ጋር ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ለሁለት ቀን የካያክ ትምህርት ተመዝግበናል። «ምቹ ልብስ ልበሱ» ከመባል ሌላ የተነገረን የለም። ጂንስ ቁምጣና የጥጥ ቲሸርት ይበቃኛል? አዲስ የዋና ልብስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጂንሱንም ቲሸርቱንም ለመመለሻ አቆያቸው፤ ጀልባ ላይ አይሆኑም። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም ቶሎ አይለቅም። የረጠበው ቲሸርት እስኪደርቅ ድረስ ውሃውን የሚያተነው የገላህ ሙቀት ስለሆነ ንፋስ ሲጨመርበት ጸሐይ ላይ ተቀምጠህም ትንቀጠቀጣለህ። የጂንስ ጣጣው ይብሳል፦ ሲርስ ይከብዳል፣ ወፍራም ስፌቱ ጭን ይልጣል፣ የኋላ ኪሱ ቁልፎችም ከመቀመጫው ጋር ይፋተጋሉ። ከጀልባ ወድቀህ ተመልሰህ ለመውጣት ስትሞክር እግርህን ወደ ላይ አላነሳ የሚልህ እሱ ነው።

ለመግዛት አትጨነቅ። የእግር ኳስ ማሊያ ካለህ የላይኛው ልብስ ተገኘ ማለት ነው። ማሊያ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ውሃ ቢነካውም ቶሎ ይንጠፈጠፋል፣ በትንሽ ንፋስ ይደርቃል። ረጅም እጅጌ ያለው ቢሆን ይመረጣል። አንደኛ ክንድህን ከጸሐይ ይጋርዳል። ሁለተኛ ደግሞ ስትቀዝፍ ክንድህ በሺህ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚሄድ የላይፍ ጃኬቱ ጠርዝ ብብትህን ይፈገፍገዋል፤ እጅጌ የሌለው ካናቴራ የለበሰ ሰው ከሰዓት በኋላ ብብቱ ቀልቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከታች ታይት ወይም የስፖርት ቁምጣ ልበስ። የጥጥ የውስጥ ሱሪ ግን ከስር አይኑር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ የቋጠረ ጨርቅ ላይ መቀመጥ ቆዳ ያቆስላል። የዋና ቁምጣ ከሌለህ ጥብቅ ያለ የስፖርት ታይት ብቻውን ይበቃል። የሚፋተግበት ቦታ ላይ፣ ብሽሽትና ብብት ላይ፣ ስስ ቫዝሊን ቀባ አድርግ።

ከመርካቶ ሳልባጅ የምትገዛ ከሆነ ምልክቱ የተቆረጠ ልብስ ሊያጋጥምህ ይችላል። ጥጥ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግበት፦ ወዲያው ጠጥቶ ሰፊ ጥቁር ነጠብጣብ ከሠራ ጥጥ ሳይሆን አይቀርም። ይበልጥ እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ቤት ስትደርስ ከስፌቱ ጫፍ አንድ ክር ምዘዝና በመቆንጠጫ ይዘህ በክብሪት ለኩሰው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ጠንካራ ፍሬ ይሆናሉ። የቀለጠው ፍሬ እጅ ስለሚያቃጥል እስኪቀዘቅዝ አትንካው።

ከማሊያው በላይ ንፋስ የማያስገባ ቀጭን የናይለን ጃኬት ያዝ፤ እስከ ወገብ ብቻ የሚደርስ ይሁን። ረጅም የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ ውሃ ውስጥ እግር ይጠላለፍበታል። ሲበርድ የምትደርበው ሹራብ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ሆኖ ሳሳ ያለ ይሁን። ምንም ደረብክ ምን ላይፍ ጃኬቱ ከሁሉም በላይ ነው የሚታሰረው፤ ጃኬት በላዩ ላይ አይለበስም።

ጫማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ነጠላ ጫማ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ ጀልባው ውስጥም ከእግር መርገጫው ጋር ይጠላለፋል። ባዶ እግርም አይሆንም፤ ዳርቻው ድንጋይና የተሰበረ ጠርሙስ አያጣም። ተረከዝ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ ሰንደል ወይም እግርህ ላይ ጥብቅ የሚል ኮንጎ ጫማ ጥሩ ነው፦ ውሃ አያቋጥርም፣ ከእግር አይወልቅም። ያረጀ ሸራ ጫማም ይሆናል፤ የማሰሪያውን ጫፍ ግን ወደ ውስጥ ክተተው። ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ ጠባብ ጀልባ ውስጥ እግር ስለሚይዝ ተወው።

ከቤት ስትወጣ የመቅዘፊያውን ልብስ ከስር ልበሰውና ቱታህን ደርብበት። ከመስቀል አደባባይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስትነሱ አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ቢሾፍቱ ግን ከከተማችን ወደ 500 ሜትር ዝቅ ስለሚል ጸሐይ ከወጣች በኋላ ሙቀቱ ቶሎ ይመጣል። የሚቀየር ሙሉ ልብስ፣ የውስጥ ልብስም ጭምር፣ ፎጣና ጋቢ ዳርቻው ላይ ይጠብቁህ። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ከውሃ ወጥተህ ገላህን ካደረቅህ በኋላ ግን እሱን የሚያህል የለም።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ለመዝናኛ ካያክ ሊወስዱን ነው። ላይፍ ጃኬት ስላለ አትፍሪ ይሉኛል። ማመን አለብኝ? ጥሩ ላይፍ ጃኬት በምን ይታወቃል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በልክዎ የሆነና በትክክል የታሰረ ከሆነ ይመኑት። የማይመጥን ወይም ያልታሰረ ላይፍ ጃኬት ግን ከሌለ አይሻልም፤ ሲወድቁ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እርስዎ በውስጡ ወደ ታች ይንሸራተታሉ።

መጀመሪያ ውስጡ የተሰፋውን ምልክት ያንብቡ። የማንሳት አቅሙ በኒውተን ይጻፋል፤ 10 ኒውተን በግምት የ1 ኪሎ ማንሳት ነው። ባለ 50 ኒውተኑ ለክንድ ነጻነት ስለሚሰጥ ቀዛፊዎች ይወዱታል፤ የተሠራው ግን ዋና ለሚችልና እርዳታ ቅርቡ ላለ ሰው ነው። ለማይዋኝ ሰው ባለ 100 ኒውተን የተሻለ ነው፤ አንገት ላይ ኮሌታ ያለው፣ ፊትን ወደ ላይ የማዞር አቅም ያለው ዓይነት። በጉብኝት ጀልባዎች ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ጃኬት ቅርጹ እንደዚሁ ነው፤ ቅርጹን ብቻ አይተው ግን አይመኑ፣ ምልክቱን ያንብቡ። ሲቀዝፉ ትንሽ ይከብድዎታል፤ ይታገሡት። በጋዝ የሚነፋውን ዓይነት ለጀማሪ አንመክርም።

ቀጥሎ ስፖንጁን በእጅዎ ይጭመቁ። ተጨምቆ ቶሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ድርቅ ካለ፣ ከተሰባበረ ወይም ተጨምቆ ከቀረ ይመልሱት። ጨርቁ በጸሐይ ነጥቶ በጥፍር ሲጫሩት የሚቦጨቅ ከሆነም አይቀበሉት። ዘለበቶቹ «ቀጭ» ብለው መግጠም አለባቸው። የተሰበረ ዘለበት በቋጠሮ ታስሮ ካዩ ሌላ ይጠይቁ፤ ቋጠሮ ሲርስ ወይ ይላላል ወይ አልፈታም ይላል።

አለባበሱም ቅደም ተከተል አለው። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ያላሉ፣ ይልበሱት፣ ዚፑን ይዝጉ። ከዚያ ከወገብ ይጀምሩና ወደ ላይ እየወጡ ያጥብቁ፤ የትከሻው መጨረሻ ላይ ነው። ከትከሻ የጀመረ ሰው ጃኬቱን ደረቱ ላይ ሰቅሎ ወገቡን ላላ አድርጎ ይተወዋል። ሲጨርሱ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱና ሌላ ሰው የትከሻውን ማሰሪያ ይዞ ወደ ላይ ይሳብ። ጃኬቱ አገጭዎን ካለፈ ያጥብቁ፤ ጠብቆም ካለፈ አነስ ባለ ቁጥር ይቀይሩት። ጀልባው ላይ ተቀምጠውም ይሞክሩት፤ የመቀመጫው መደገፊያ ጃኬቱን ወደ ላይ የሚገፋው ከሆነ ሌላ ቅርጽ ያስፈልግዎታል።

የመጨረሻውን ፈተና ውሃው ራሱ ይፈትንዎታል፤ ይህን ሳያደርጉ ጀልባ ላይ አይውጡ። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ከአስተማሪው ጋር ይቁሙ፣ ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ኋላ ጋለል ይበሉ፣ እግርዎን ይልቀቁት። አፍዎ ከውሃ በላይ ሆኖ ትንፋሽዎ እስኪረጋጋ ድረስ ይቆዩ። የሚቻል ከሆነ ከጉዞው በፊት ከተማ ውስጥ ባለ የመዋኛ ገንዳ ይህንኑ ይለማመዱ። ዋና የማይችል ሰው ጀልባው ሲገለበጥ የሚጎዳው ድንጋጤው ነው፤ ድንግጥ ብሎ ትንፋሽ ሲስብ ውሃ ይገባዋል። ጃኬቱ እንደሚይዘው ሰውነቱ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ቶሎ ይረጋጋል። ሲገለበጡ ጀልባውን አይልቀቁት፤ ፕላስቲክ ካያክ ተገልብጦም ይንሳፈፋል። በአንድ እጅ ጀልባውን፣ በሌላው መቅዘፊያውን ይያዙና ፊሽካ ይንፉ። ፊሽካው ደረትዎ ላይ በአጭር ክር የታሰረ ይሁን።

ዋና እንደማይችሉም ለአስተማሪው ፊት ለፊት ይንገሩት። እፍረት ይዞት ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። አስተማሪው ካወቀ ጎንዎ ይቀዝፋል፣ ከዳርቻውም አያርቅዎትም።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ልትማር ነው። ፀጉሯ ሹሩባ ነው፣ ማተብ አላት፣ የዋና ልብስ ብቻ ለብሳ ሰው ፊት እንድትወጣም አልፈልግም። (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ተሸፍና መቅዘፍ ትችላለች፤ እንዲያውም ለጸሐይ የተሻለ ነው። ረጅም እጅጌ ማሊያ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ታይት፣ ከፈለጉም በላዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሳሳ ያለ የስፖርት ቁምጣ ያልብሷት። ቀሚስና ሰፊ ሱሪ ግን አይሆኑም፤ ጀልባው ሲገለበጥ እግር ላይ ይጠመጠማሉ። ፀጉሯን የምትሸፍን ልጅም ብትሆን ጥብቅ ብሎ የሚያዝ የናይለን ሻሽ እንጂ ተንጠልጣይ ነጠላ አይሁን።

ማተቡ ከማሊያው ስር ይግባ። የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ሐብልና ቀለበት ቤት ይቅሩ። ሹሩባው ከኋላ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ጫፉ ዘለበት ውስጥ እንዳይገባ።

የልጆች ላይፍ ጃኬት በኪሎ ነው የሚመረጠው፤ ከመሄድዎ በፊት ይመዝኗት። ለኋላ ያድግላታል ተብሎ ትልቅ አይሰጣትም። በእግሯ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ከሆነ ያ ማሰሪያ መታሰር አለበት፤ ጃኬቱ በጭንቅላቷ እንዳይወልቅ የሚይዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ተምረናል። አሁን ወንጪ ሐይቅ ላይ ልንቀዝፍ አስበናል። የያዝነው ልብስ ይበቃናል? (ጓደኛሞች፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አይበቃችሁም። የወንጪ ሐይቅ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከቢሾፍቱ ሐይቆች ወደ 1,000 ሜትር፣ ከአዲስ አበባም በመቶዎች ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጸሐዩ ሞቅ ሲል ልብስ መቀነስ ያምራል፤ ወጥመዱም እዚያ ላይ ነው። የሚለበሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው፣ ምክንያቱም ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ይነጥቃል። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ ያለከልካል፣ ትንፋሹንም መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን። በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ለመዋኘት አትታገሉ፤ ጃኬቱ ይያዛችሁ፣ ትንፋሻችሁን አረጋጉ፣ ከዚያ ወደ ጀልባው ተመለሱ።

2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እጅጌ የሌለው ዌትሱት (ገላ ላይ ጥብቅ የሚል የላስቲክ የውሃ ልብስ) ብታገኙ ከሁሉም ይበልጣል። ገላን አያደርቅም፤ በገላና በልብሱ መሀል የገባችውን ጥቂት ውሃ ይዞ ያሞቃታል፣ ስለዚህ ከሰፋ ጥቅም የለውም። ካላገኛችሁ ሁለት ድርብ ፖሊስተር፣ የሱፍ ሹራብና የንፋስ ጃኬት ልበሱ። ከዳርቻው ብዙ አትራቁ። በፔርሙስ ትኩስ ሻይ ያዙ። የአንዱ አፍ መኮላተፍ ወይም ጣቱ አልታዘዝ ማለት ከጀመረ ቀዘፋው በዚያው ያብቃ፤ አውጥታችሁ እርጥቡን ልብስ ቀይሩለት።

ጥያቄ፦ ጥቁር ቆዳ ላለን ሰዎች የጸሐይ ቅባት ምን ያደርጋል? (ከልደታ)

መልስ፦ ያስፈልጋል። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው፤ ግን ይቃጠላል። የጸሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቢሾፍቱ ላይ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 20 በመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቅባት ከመነሳትዎ 20 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙ። የሚረሱት ቦታዎች ሁልጊዜ አንድ ናቸው፦ የእግር ጀርባ፣ የጭን ላይኛው ክፍል፣ የአንገት ኋላና ጆሮ። ግንባር ላይ አያብዙት፤ በላብ ወርዶ ዓይን ያቃጥላል። መዳፍዎንም ይጥረጉ፣ መቅዘፊያው እንዳያንሸራትት። ባርኔጣዎ ከአገጭ ስር የሚታሰር ይሁን።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት መጀመር፣ ምንስ መብላት ይሻላል? ጾም ላይ ከሆንንስ? (ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በስምጥ ሸለቆና በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከቀትር ወዲህ ነው፤ ላንጋኖ ላይ በተለይ ይበረታል። ጀማሪ ንፋሱን ከኋላው አድርጎ በደስታ ይርቅና መመለሻው ያቅተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ንፋሱ ቅዘፉ፣ ስትደክሙ እሱ ይመልሳችኋል።

ከመቅዘፋችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ለመሀል ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም በሶ ጥሩ ናቸው፤ ሁሉም የጾም ናቸው። ውሃ ለግማሽ ቀን በነፍስ ወከፍ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር። በሰዓት ለሚጾም ክርስቲያን ቅዳሜ ወይም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ይስማማል። በረመዳን ግን ውሃ ሳይጠጡ ጸሐይ ላይ መቅዘፍ አደገኛ ስለሆነ ትምህርቱን ከዒድ በኋላ አድርጉት። ጠላም ቢራም ከውሃ በፊት አይቀመስም።

ጥያቄ፦ ስልኬንና መነጽሬን ምን ላድርጋቸው? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ መነጽሩ ከጭንቅላትዎ ኋላ በላስቲክ ይታሰር። ስልኩ ዳርቻ ቢቀር ይሻላል። መያዝ ግዴታ ከሆነ አፉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ይጠቀሙ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ሶፍት ብቻ ከትተው ለ10 ደቂቃ አስጥመው ይሞክሩት፤ ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ስልኩ ይግባ። ፌስታል ስንት ቢደረብ አያስተማምንም። የመኪና ቁልፍም ኤሌክትሮኒክስ ስላለው ዳርቻ ላለ ሰው ይሰጥ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ስቀዝፍ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ወገቤም ሁለት ቀን አመመኝ። ጓንት ልግዛ? (ከአምባሳደር አካባቢ)

መልስ፦ ጓንቱ ይቆይ። መዳፍ ውሃ የሚቋጥረው መቅዘፊያውን በጣም አጥብቀው ሲጨብጡት ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀለበት ሠርተው ይያዙት፣ ሌሎቹ ጣቶች ላላ ይበሉ። የሚገፋው እጅ መዳፉን ከፍቶ መግፋት ይችላል። የጀማሪ ወገብም የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ በእግር መርገጫው ምክንያት ነው። መርገጫው ከራቀ ሰው ወደ ኋላ ተጋድሞ በክንዱ ብቻ ይቀዝፋል። ተረከዙን ሳይሆን የእግርዎን ፊተኛ ክፍል መርገጫው ላይ ያሳርፉ፤ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ፣ ጀርባዎ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጡ ያስተካክሉትና ከወገብዎ በላይ ዞር እያሉ ይቅዘፉ። ለአብዛኛው አዋቂ ከ210 እስከ 230 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መቅዘፊያ ይበቃል፤ ጀልባው ሰፊ ከሆነ ረጅሙን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ቢልሃርዚያ ይይዛል ይባላል። ልብስ ይከላከላል? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ልብስ ብቻውን አይከላከልም። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል በቀንድ አውጣ አማካይነት ውሃ ውስጥ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ያልፋል። ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ በሽታው መኖሩ የታወቀባቸው ናቸው። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣርና ደንገል የበዛበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ስለሆነ ከጀልባ መነሻ መድረክ ወይም ከንጹሕ ጠጠር ላይ ተነሱ፣ ሣሩ ውስጥ ቆማችሁ አትቆዩ። ከውሃ እንደወጣችሁ ገላችሁን በፎጣ ፈትጋችሁ አድርቁ፤ ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይደለም። በሽታው ያለበት ሐይቅ ውስጥ ከገባችሁ ምንም ባይሰማችሁም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያክመዋል፤ መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ ያለ ሐኪም አይወሰድም።

ጫማውንና ላይፍ ጃኬቱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ አስጡ። ጃኬቱን በጸሐይ አታድርቁት፣ አጥፋችሁም ከዕቃ ስር አታስቀምጡት፤ ስፖንጁ ይጨመቅና የማንሳት አቅሙን ያጣል።